ጥያቄው "እነማን"፣ መልሱ "እሱ"፦ ትሩ ዲቴክቲቭን እየው እየው ላላችሁኝ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከታታይ ፊልም ወዳጆች በሙሉ፣ በተለይ ደግሞ "የትሩ ዲቴክቲቭን ሲዝን አንድ ያላየ ሰው ድራማ አይቻለሁ እንዳይል" እያላችሁ ለዓመታት ለነዘነዛችሁኝ፤

ሰላም ለናንተ ይሁን።

እሺ፣ አየሁት። አንዴ አይደለም ሁለቴ። የመጀመሪያውን ጊዜ ስምንቱንም ክፍል በሁለት ቀን ጨርሼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ቅር ያለኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ ግን ምን እንደሆነ መናገር አቃተኝ፣ እናንተ ደግሞ "እንዴት ነው?" ስትሉኝ "አሪፍ ነው" ብያችሁ አለፍኩ። ዋሸሁ። እውነቱን ብናገር "አልገባህም ማለት ነው" እንደምትሉኝ ስለማውቅ ነው። አሁን ግን ደግሜ አየሁት፣ በዚህኛው ዙር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ፣ ፍንጭ በታየ ቁጥር እየጻፍኩ፣ እና ገብቶኛል። የከፋኝም ስለገባኝ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፣ ከዚህ በኋላ ያለው በሙሉ ስፖይለር ነው፣ ገዳዩን ራሱ በስሙ ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ግን የሚመሰገነውን ላመስግን፣ ምቀኛ ነው እንዳትሉኝ። ጥር 1995 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ኤራት የምትባል ትንሽ ከተማ ዳር፣ የተቃጠለ የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ አንድ ዛፍ፣ ዛፉ ስር ተንበርክካ የተገኘች ሬሳ፣ ራሷ ላይ የአጋዘን ቀንድ። ዶራ ላንግ ትባላለች። ጉዳዩን የያዙት ሁለት መርማሪዎች ናቸው፣ ማቲው ማኮናሂ የሚጫወተው ራስት ኮል እና ዉዲ ሃረልሰን የሚጫወተው ማርቲ ሃርት፣ አንደኛው እንቅልፍ የማያውቅ ትልቅ መዝገብ ተሸክሞ የሚዞር ሰው፣ ሌላኛው ቤቱን በገዛ እጁ እያፈረሰ "እኔ የቤተሰብ ሰው ነኝ" የሚል። ከዛ 2012 ላይ ሁለቱም አርጅተው፣ ተኳርፈው፣ በየፊናቸው ካሜራ ፊት ተቀምጠው ሌሎች ሁለት ፖሊሶች ያንኑ የድሮ ጉዳይ ይጠይቋቸዋል፣ ፋይሉን ሃሪኬን ሪታ አጥፍቶታል ተብሎ። ራስት ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቀትርም አልፏል፣ ሐሙስ ደግሞ የእረፍት ቀኔ ነው፣ ቢራ ካልመጣ አላወራም ይላል። ቢራው ይመጣል። እያወራ ቆርቆሮውን በሰንጢ እየቆረጠ ትንንሽ ሰዎች ይሠራና ጠረጴዛው ላይ ያቆማቸዋል። ይሄን ዓይነት ነገር ስታይ በቃ እጅህን ትሰጣለህ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘኝ እናንተ ስታወሩበት ሰምቼ የማላውቀው ትዕይንት ነው። መጀመሪያ አካባቢ የዶራ ላንግ እናት ቤት ይሄዳሉ። እናትየው ለብዙ ዓመት ልብስ በኬሚካል የሚታጠብበት ቤት ሠርተው ጥፍራቸው ተበላሽቷል፣ ራስ ምታታቸው ሲነሳ ቁጭ ብለው መነጋገር አይችሉም። ስለ ልጃቸው አባት ሲጠየቁ፣ ማንም ሳይወቅሳቸው፣ አባት የገዛ ልጁን ቢያጥብ ምን ነውር አለው የሚል ነገር ያመልጣቸዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የዶራ የልጅነት ፎቶ አለ፣ ከኋላዋ ፊታቸውን የሸፈኑ ፈረሰኞች ቆመዋል። ካሜራው አይጮህም፣ ሙዚቃ አይመታም፣ ፎቶውን አሳይቶ ያልፋል። ያኔ ነው እኔ ወረቀቴ ላይ "እነማን ናቸው?" ብዬ የጻፍኩት። በብዙ ቁጥር። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አምስተኛው ክፍልም ይመስገን። ሬጂ ሌዱ የሚባለውን ተጠርጣሪ ረግረግ ውስጥ ካለ መደበቂያው ሲይዙት፣ 2012 ላይ ሁለቱም ለጠያቂዎቹ ስለ ከባድ የተኩስ ልውውጥ ይተርካሉ፣ እኛ ደግሞ ምስሉ ላይ የምናየው ሌላ ነው፣ ተኩስ የለም፣ ሌዱ በካቴና ታስሯል፣ ማርቲ የታፈኑትን ልጆች አይቶ ይመጣና ጭንቅላቱን በጥይት ይለዋል፣ ከዛ ራስት መሳሪያ አንስቶ ዛፉን ቅጠሉን እየደበደበ የውሸት ተኩስ ይሠራል። ጆሮህ አንድ ነገር ይሰማል ዓይንህ ሌላ ያያል። መዝገብ እንዴት እንደሚዋሽ፣ ሹመትና ሜዳሊያ ከምን እንደሚሠራ በደቂቃዎች ውስጥ አሳዩን። እኔ ይሄን ሳይ "አሃ፣ ድራማው ስለዚህ ነው" አልኩ። ምን ያደርጋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

ድራማው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚነግረን ነገሩ የአንድ እብድ ሥራ አለመሆኑን ነው። ትልቅ ቤተሰብ አለ፣ ተትል የሚባል። አንደኛው ቢሊ ሊ ተትል ቄስ ነው፣ የአጎቱ ልጅ ኤድዊን ደግሞ ያኔ አገረ ገዢ ነው፣ በኋላ ሴናተር ይሆናል። በቤተክርስቲያን ስም ትምህርት ቤት ይከፍታሉ፣ ትምህርት ቤቶቹ አካባቢ ልጆች ይጠፋሉ፣ ማሪ ፎንተኖ የምትባል ሕፃን ጠፍታ አቤቱታው "በስህተት የቀረበ" ተብሎ ይዘጋል፣ ቄሱ ራሱ መርማሪዎቹ ቢሮ ድረስ መጥቶ ጉዳዩን ለሌላ ግብረ ኃይል ለማስረከብ ይሞክራል። ራስት ከዓመታት በኋላ የቄሱን ቤት ሰብሮ ገብቶ የቪዲዮ ካሴት ያገኛል። ካሴቱ ላይ ያለውን ለኛ አያሳዩንም፣ የሚያሳዩን ማርቲ ሲያየው ነው፣ ያ ጉረኛ ሰውዬ እየጮኸ ለማጥፋት ሲንደፋደፍ። ፊቱን አይቼ እኔ ራሴ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ካሴቱ ላይ ያሉት ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ናቸው። ሰዎች! አንድ ሰው አይደለም።

እሺ፣ ከዛስ? ከዛ ስምንተኛው ክፍል ይመጣና መልሱ ኤሮል ቻይልድረስ ይሆናል። ሣር አጫጅ፣ ፊቱ ጠባሳ፣ ቤቱ በቆሻሻ የተሞላ፣ ከገዛ ዘመዱ ጋር የሚተኛ፣ የአባቱን ሬሳ ጎጆ ውስጥ አስሮ ያስቀመጠ፣ ድምፁን እየለዋወጠ የሚያወራ። ለማስጠላት የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ አንድ ሰው ላይ ተጭኗል። ጥያቄው "እነማን ናቸው" ነበር፣ መልሱ "እሱ ነው" ሆኖ መጣ። በአማርኛ ብትጠይቁኝ እንዲህ ያለ መልስ ሰዋስው ራሱ አይፈቅደውም።

ተትሎቹስ ብትሉ፣ ሆስፒታል ውስጥ ቲቪ ላይ የሚያልፍ ዜና አለ፣ ገዳዩ ከሴናተሩ ቤተሰብ ጋር ዝምድና አለው የሚባለውን ወሬ ኤፍቢአይ እና አቃቤ ሕጉ ውድቅ አድርገውታል የሚል። አለቀ። ሰባት ሰዓት ስንከተለው የከረምነው ጉዳይ በዜና አንባቢ አፍ ተዘጋ። ራስት እንኳን አልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም አልያዝናቸውም ይላል፣ ማርቲ ደግሞ ሁሉንም አንይዝም፣ ዓለም እንዲህ አይደለችም፣ የኛን ድርሻ ግን ይዘናል ብሎ ያጽናናዋል። የኛን ድርሻ? ቆይ፣ ድርሻው ማን ያከፋፈለው ነው?

እዚህ ጋ የምትሉኝን አውቃለሁ፣ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። "ነጥቡ እኮ እሱ ነው፣ በእውነተኛው ዓለምም ትልልቆቹ አይያዙም፣ ደራሲው እውነታውን ነው ያሳየው።" ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ትልቁ ሰው ሲያመልጥ የሚያሳይ ድራማ እኮ ማምለጡን ያሳምምሃል፣ በር ሲዘጋ ታያለህ፣ ስልክ ሲደወል ትሰማለህ፣ ፋይል ከመሳቢያ ሲወጣ ታያለህ፣ ያ የምትወደው መርማሪ እየታገለ ሲሸነፍ አብረኸው ትሸነፋለህ። እዚህ ግን ማንም አልተሸነፈም። ማስረጃውን ለሚዲያ በፖስታ ልከዋል ተባልን፣ የፖስታው መጨረሻ ምን ሆነ? አንድ ጋዜጠኛ ከፈተው? ጣለው? ፈራ? ምንም። ሌዱ ላይ የውሸት ተኩሱን እየቆራረጠ ያሳየን ድራማ፣ የራሱን ትልቁን የውሸት መዝገብ ሲደርስበት ቸኩሎ አለፈው።

ስለ አረንጓዴው ጆሮ ደግሞ ትንሽ ልናገር፣ ይሄ ነው ከወንበሬ ያስነሳኝ። 1995 ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ጫካ ውስጥ "ጆሮው አረንጓዴ የሆነ የስፓጌቲ ጭራቅ" አሳደደኝ ብላ ነበር። ስፓጌቲው የፊቱ ጠባሳ መሆኑን ቀስ እያልን ደረስንበት። ጆሮውስ? 2012 ላይ ማርቲ የድሮ ፎቶዎች ሲያገላብጥ በአዲስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት ያያል፣ ብልጭ ይልበታል፣ ቀለም ቀቢ ነበር ማለት ነው! የቤቱን የድሮ ባለቤት ፈልገው ያገኛሉ፣ የግብር መዝገብ ያያሉ፣ ቻይልድረስና ልጁ የሚል ድርጅት ይወጣል፣ አድራሻ፣ መኪና፣ አለቀ።

ጥሩ ነው አይደል? እኔም መጀመሪያ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ወረቀቴን ሳየው ግን ሰባተኛው ክፍል ላይ ምን ተጽፏል? ለተትሎች ቤት ትሠራ የነበረች አሮጊት ለነ ራስት ነግራቸዋለች፣ ሽማግሌው ተትል በውጪ የወለዳቸው አሉ፣ ቻይልድረስ ይባላሉ፣ አንዱ የልጅ ልጅ ፊቱ ጠባሳ ነው ብላ። በዛው ሰሞን ደግሞ ማሪ ፎንተኖ ስትጠፋ የነበረው ሸሪፍ ቻይልድረስ እንደሚባል ጄራሲ ከሚባል ፖሊስ አፍ ሰምተዋል። ስም አለ፣ ጠባሳ አለ፣ ዝምድና አለ። አንድ ማህደር የሚያገላብጥ ጀማሪ ፖሊስ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ነገር ነው፣ እነሱ ግን የግድግዳ ቀለም ጠበቁ። ለምን? ማርቲም አንዴ "አገኘሁት" የሚልበት ትዕይንት ስለሚያስፈልገው። ፍንጩ ለጉዳዩ ብሎ አልመጣም፣ ለገጸ ባህሪው የተሰጠ የልደት ስጦታ ነው።

በዛ ላይ ራስት ይሄን ሰውዬ ገና 1995 ላይ የተዘጋ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሣር እያጨደ አግኝቶ አነጋግሮታል። ይሄኛውስ አሪፍ ነው፣ አልክድም፣ ማርቲ ጡሩምባ ሲነፋበት ጨዋታው ይቋረጥና ለ17 ዓመት ያልፈዋል። ስለዚህ ሲፈልጉ ይችሉበታል እኮ። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ የማይችል ሰው ቢሆን የሠራው ማን ደብዳቤ ይጽፋል?

ሌላ። አሻንጉሊቶቹ። የማርቲ ትልቋ ልጅ ኦድሪ ገና ሕፃን ሳለች ወለል ላይ አሻንጉሊቶቿን ደርድራለች፣ አምስት ወንድ አሻንጉሊት ክብ ሠርተው፣ መሃላቸው አንዲት ሴት አሻንጉሊት ራቁቷን። ማርቲ ያያል፣ እራት ደረሰ ብሎ ይሄዳል። ከዛ ትምህርት ቤት የሳለችው ስዕል ወላጆቿን ያስጠራል። ከዛ ጎረምሳ ስትሆን ከሁለት ወንዶች ጋር መኪና ውስጥ ትያዛለች፣ አባቷ በጥፊ ይላታል። ከዛ ትልቅ ሰው ሆና መድኃኒት ትወስዳለች ይባላል። የዶራ እናት ቤት ያየነው የፈረሰኞቹ ፎቶና ይሄ የአሻንጉሊት ክብ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ማንም ሰው ያያይዛቸዋል፣ ካሜራው እኮ ራሱ ነው አያይዙ ያለን። መጨረሻው? ሆስፒታል መጥታ አባቷን አይታ ትሄዳለች። እኔ ሁሉም ነገር በማንኪያ ይቅረብልኝ አላልኩም። ግን ልጅቷ ምን አየች? ማን ቤት አየች? ወይ መልስ፣ ወይ ደግሞ ማርቲ አንድ ሌሊት እንኳን ይሄን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ አሳየኝ። መርማሪ እኮ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ሲፈልግ ኖሮ የገዛ ቤቱን ወለል ማንበብ ያቃተው አባት፣ እሱ ራሱን የቻለ ድራማ ነበር፣ ጥለውት ሄዱ።

ያኔ 2014 ላይ ሲተላለፍ ሰዉ ምን ያህል እንዳበደ አስታውሱ። ድራማው ውስጥ ደጋግሞ ስሙ የሚነሳው ቢጫው ንጉሥ ማነው፣ ካርኮሳ የሚባለው ቦታ የት ነው፣ ስሞቹ የሚገኙበት ሮበርት ቼምበርስ በ1895 ያሳተመው የድሮ የአጫጭር ታሪክ መጽሐፍ ድረስ ሄደው እየቆፈሩ። የመጨረሻው ክፍል መጋቢት 9 ማታ ሲወጣ ድራማውን ያቀረበው የኤችቢኦ ጣቢያ የኢንተርኔት ማሳያ በተመልካች ብዛት ተጨናንቆ ቆመ። እኛ እኮ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ነው ያለን፣ ሰም ካየን ወርቁን ሳናገኝ አንተኛም። እዚህ ግን ሰሙ በሰም ላይ ተደራርቦ፣ ተቀልጦ ሲያልቅ ከስሩ ሌላ ሰም። ቢጫው ንጉሥ በእንጨትና በጨርቅ የቆመ አጽም ነው፣ ካርኮሳ ጓሮ ያለ የፈረሰ ግንብ ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሉ የለ።

ስለ ስድስት ደቂቃዋ ያልተቆረጠች ትዕይንት እንዳትጽፉልኝ ብቻ። አራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ያለችውን፣ ራስት ከሞተር ሳይክል ወንበዴዎች ጋር የአደገኛ ዕፅ ቤት ሊዘርፍ ገብቶ ካሜራው ከቤት ቤት፣ በአጥር ላይ ሳይቀር የሚከተለው። ድንቅ ናት፣ ዳይሬክተሩ ኬሪ ጆጂ ፉኩናጋ በዛ ክፍል ነው በዛው ዓመት የኤሚ ሽልማት የወሰደው፣ ይገባዋል። ግን ከምርመራው ጋር ያላት ዝምድና ቀጭን ክር ናት፣ ወደ ሌዱ የሚያደርስ አንድ ሰው ለመያዝ ነው ያ ሁሉ ሩጫ፣ በሩጫውም ስለ ዶራ ላንግ አንዲት ነገር አላወቅንም።

ሴቶቹንም ባጭሩ፣ ምክንያቱም ሌሎች ከኔ በላይ ብለውታል። ወይ ሬሳ ናቸው፣ ወይ ሴተኛ አዳሪ፣ ወይ ውሽማ፣ ወይ ሚስት። ሚሼል ሞናሃን የምትጫወታት ማጊ የማርቲ ሚስት ከሁሉም የተሻለ ጭንቅላት አላት፣ ሁለቱም ወንዶች የማያዩትን ታያለች፣ ድራማው ግን የሰጣት ትልቁ ሥራ ሁለቱን ጓደኛሞች ማጣላት ነው።

የመጨረሻዋ ደቂቃ። ራስት በተሽከርካሪ ወንበር ከሆስፒታል በር ላይ፣ ማርቲ ከጎኑ፣ ሰማዩ በኮከብ። ስምንት ክፍል ሙሉ የሰው ልጅ መፈጠሩ ራሱ ስህተት ነው ሲለን የኖረ ሰው፣ ሆዱ ተወግቶ፣ ድሮ የሞተችበት ልጁ ፍቅር ጨለማው ውስጥ ተሰምቶት፣ አሁን ወደ ላይ አይቶ ድሮ ሁሉም ጨለማ ነበር፣ ብርሃኑ እያሸነፈ ይመስለኛል ይላል። ብዙዎቻችሁ እዚህ ጋ አለቀስን ብላችሁኛል። ማኮናሂ እንደሚጫወተው ከሆነ ድንጋይም ያለቅሳል። እኔ ግን በአእምሮዬ የመጣው "ላም አለኝ በሰማይ" ነው። ምድር ላይ ሴናተሩ ወንበሩ ላይ ነው፣ ካሴቱ ላይ ያሉት ጭምብሎች ስማቸው አይታወቅም፣ ወተቱ የታለ? ብርሃኑ ያሸነፈው ለሁለቱ ነው፣ ታረቁ፣ ሲጋራ ተሰጣጡ። ሁለት ወንዶች እንዲታረቁ ስንት ሴትና ስንት ሕፃን መሞት ነበረበት ብዬ ስቆጥር ቅር አለኝ፣ ይኸው ነው በቃ፣ ከዓመታት በፊት መናገር ያቃተኝ ቅሬታ ይቺ ናት።

እና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ የምር ነው። ቻይልድረስ ከሞተ በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ሆስፒታልና አምቡላንስና ዜና መሃል፣ ወደ ዶራ ላንግ እናት ቤት የሄደ ሰው አለ? ያቺ ጥፍራቸው በኬሚካል የተበላ እናት፣ ግድግዳቸው ላይ ፎቶው የተሰቀለው። 17 ዓመት አልፏል፣ ምናልባት በሕይወት የሉም፣ ይሁን፣ "ሞተዋል" የሚል አንድ ቃልስ? "የልጅዎን ገዳይ አገኘነው፣ ግን ብቻውን አልነበረም" ብሎ በራቸውን ያንኳኳ አለ? እኔ ሁለቴ አይቼ፣ ወረቀት ይዤ፣ አላገኘሁም። ካለ ክፍሉንና ደቂቃውን ጻፉልኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ አየዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
"አሪፍ ነው" ብሎ የዋሻችሁ ሰው